ቅንድቡን አውርድለት

ነገሩ የደረሰብኝ በሃምሳዎቹ ማለቂያ አካባቢ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ዳንግላ ላይ ፎቶ ቤት በነበረኝ ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ አይቻለሁ፤ ሽፍታ ገጥሞኛል፣ ጎርፍ ወስዶኛል፣ የተሳፈርኩበት መኪና ተገልብጧል። ክው ብዬ የቀረሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው። ልጆቼ ታሪኩን ከመልመዳቸው የተነሣ እኔ ስጀምረው እነሱ ይጨርሱታል። ስለዚህ ለማያውቀው ልጽፈው ተነሣሁ።

እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። ዳንግላ የገባሁት ባለ ሦስት እግር ሳጥን ካሜራ ተሸክሜ ነው። ያ ካሜራ ዛሬ ቢታይ መሳቂያ ነው፤ ፊልም የለው፣ መብራት የለው። ወረቀት ሳጥኑ ውስጥ አስገባለሁ፣ ሰውየውን አነሣዋለሁ፣ ከዚያ እጄን በጥቁር እጅጌ በኩል ሰድጄ ወረቀቱን እዚያው በመድኃኒት አጥበዋለሁ። መጀመሪያ የሚወጣው ኔጋቲቩ ነው፤ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ። ኔጋቲቩን ፊት ለፊት አቁሜ መልሼ ፎቶ ሳነሣው ነው ሰውየው ሰው የሚመስለው። በመጨረሻ ባልዲ ውኃ ውስጥ ይጣልና ይለቀለቃል፤ ደንበኛው ባልዲው አጠገብ ቆሞ ይጠብቃል።

አንድ ጥር ላይ አንዲት ሴትዮ ከልጃቸው ጋር መጡ። ከል ለብሰዋል፤ ራሳቸውን ተላጭተዋል። እማማ ትርንጎ ይባላሉ፤ አገራቸው ከዳንግላ ወደ አዲስ ቅዳም ሲኬድ ከመንገዱ ገባ ብሎ ነው። ልጅቷ ይመኙሻል ትባላለች። እማማ ትርንጎ አማርኛ ይችላሉ፤ ሆድ ሲብሳቸው ግን ወደ አገውኛ ይሄዳሉ፤ ያን ጊዜ ይመኙሻል ታስረዳኛለች።

«ፎቶ አንሣልኝ» አሉኝ።

«እሺ እማማ፣ ይቀመጡ።»

«እኔን አይደለም፤ የሞተ ልጄን ነው።»

የቆየ ፎቶ ያላቸው መስሎኝ «ያምጡትና አባዛልዎታለሁ» አልኳቸው። የላቸውም። ልጁ በሕይወቱ አንድ ቀን ፎቶ ተነሥቶ አያውቅም።

ቢተው የሚባለው ታላቅ ልጃቸው ከመስቀል በኋላ ሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወረደ። አብሮት የወረደ የአገሩ ሰው ኅዳር ላይ ብቻውን ተመለሰና «ወባ ጨረሰው፤ እዚያው ተቀብሯል» አለ። ሽማግሌዎች እንደ ወጉ ማለዳ መጥተው አረዷቸው። ለቅሶው ሲወጣ ፈረሱ ተጭኖ፣ ልብሱ ኮርቻው ላይ ተደርጎ አደባባይ ዞረ። ሬሳው ለሌለ ሰው የሚለቀሰው እንዲያ ነው።

«ልብሱን አለቀስኩት» አሉኝ እማማ ትርንጎ። «ፊቱን ግን አላለቀስኩትም። አሁን ደግሞ እየጠፋኝ ነው። አስበዋለሁ አስበዋለሁ፣ አፍንጫው ይመጣና አፉ ይቀራል። ሙት ዓመቱ ሳይደርስ ሥራልኝ።»

«እማማ፣ ካሜራ እኮ የሚያነሣው ፊቱ ያለውን ነው።»

«ወንድሙ ፈንታ አለ። እኅቱ ይቻትልህ። አጎቱ አለ። ከነሱ ሰብስበህ ሥራው።»

ከየጎረቤቱ ጨውና ሽንኩርት ለቅሞ ወጥ እንደ መሥራት ቀሎ ነው የታያቸው። እኔ ያን ጊዜ ጎረምሳ ነኝ፤ «አልችልም» ማለት ሞቴ ነው። ደግሞም ሴትዮዋ ያሳዝናሉ። እሺ አልኩ።

በገበያ ቀን ፈንታንና አጎቱን አያ አየነውን አምጥተው ከይመኙሻል ጋር በየተራ አስቀመጡልኝ። ሁሉንም በአንድ መጠን፣ በአንድ ብርሃን አነሣኋቸው። ከዚያ መቀስና ሙጫ ይዤ ተቀመጥኩ። ግንባርና አፍንጫ ከፈንታ ወሰድኩ። አገጭ ከአያ አየነው፤ ጢማም ሰው ስለሆኑ በምላጭ ጫፍ ወረቀቱን እየፋቅሁ ላጨኋቸው። ዓይኑንም ከፈንታ ልወስድ ስል እማማ ትርንጎ እጄን ያዙኝ።

«የፈንታ ዓይን ከብት ነው የሚያይ። የቢተው ዓይን ሰው ያይ ነበር። ከይመኙሻል ውሰድ።»

ጆሮ ላይ ደረስን። የፈንታ ጆሮ ትንሽ ነው አሉ፤ የአጎቱ ተጣብቋል አሉ። ዞር ብለው አዩኝና «ያንተ ነው» አሉ። የኔን ጆሮ ማለታቸው ነው። ጆሮዬ ገለል ገለል ያለ ነው፤ በልጅነቴ ስሰደብበት ያደግሁት ነው። ራሴን አስነሣሁና ጆሮዬን ቆርጬ ለሟች ሰጠሁት።

የመጀመሪያው ሲያልቅ መልኩ የተጣፈ ስልቻ ሆነ። ስፌቱ ይታያል። መልሼ አንሥቼው በኔጋቲቩ ላይ በእርሳስ ስፌቱን አጠፋሁ። እማማ ትርንጎ ወስደው ለጎረቤት አሳይተው በሚቀጥለው ገበያ መለሱልኝ። ከንፈሩ ጠግቧል ተባለ፤ አቀጠንኩት። ግንባሩ ሰፋ ተባለ፤ ፀጉሩን ወደ ፊት አመጣሁት። እንዲህ እያልን ዐቢይ ጾም ገባ፣ ወጣ። እሳቸው ገበያ በመጡ ቁጥር ወደኔ ጎራ ይላሉ፤ እኔም እስኪመጡ በየመሐሉ እነካካዋለሁ። አንዱን ጥሩ ወጣልኝ ብዬ ኮርቼ ብሰጣቸው ረጅም ጊዜ አዩትና «ይኸ እኔን አያውቀኝም» ብለው መለሱልኝ።

«ምኑ ነው የጎደለ እማማ?»

በአገውኛ ለይመኙሻል አንድ ነገር አሏት። ይመኙሻል ነገረችኝ፦ ቢተው ከልጅነቱ ጀምሮ ሊያለቅስ ሲል እንባው ሳይመጣ ግራ ቅንድቡ ቀድሞ ይነሣል። አንደኛው ብቻ። እናቱ ያን ሲያዩ ሳያለቅስ ይደርሱለት ነበር።

እኔ ደግሞ ተጠብቤ ግራ ቅንድቡን በእርሳስ ሳብ አድርጌ አነሣሁት። በሚቀጥለው ሳምንት ሳሳያቸው እማማ ትርንጎ ጮኹ። በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

«አውርድለት! ቅንድቡን አውርድለት! እያለቀሰ ልቅበረው እንዴ?»

በምላጭ ፍቄ አወረድኩት። ከዚያም ዓይኑን ትንሽ ነካሁና አንድ ጊዜ እንደገና አንሥቼ ሰጠኋቸው። እማማ ትርንጎ አላለቀሱም፣ አልመረቁኝም። «ከየት አመጣኸው?» ብቻ አሉኝ። ድምፃቸው ያስፈራ ነበር። እውነት ለመናገር እኔንም አስፈርቶኛል። አራት ሰው ቆራርጬ የለጠፍኩት ወረቀት ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ከአራቱም አንዱን አይመስልም፤ ራሱን የቻለ ሰው ነው። አንድ ትርፍ አጥቤ ለናሙና ፎቶ ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት።

በሙት ዓመቱ ጠሩኝ። ፎቶው ኮርቻ ላይ ታስሮ ፈረሱ ሲዞር የተነሣውን ዋይታ አልረሳውም። ሴቶቹ ፎቶውን እያዩ «ተነሣ! ተነሣ!» ይላሉ። ኋላ ጠላ ስጠጣ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ቀስ ብሎ ራቅ አለ። «ይኸ ነው የሙት ፊት የሚሠራው» ሲባል ሰማሁ። ሳቅሁ እንጂ አልተቀየምኩም። ነገሩ ኋላ ሊገድለኝ እንደሚደርስ መች አውቄ!

ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ በጥር፣ በገበያ ቀን፣ አንድ ሰው ፎቶ ልነሣ ብሎ መጣ። የሱዳን ጀለቢያ ለብሷል፤ ራሱን በሻሽ ጠምጥሟል፤ ከስቶ ጉንጩ ገብቷል፤ ቀለሙ ቢጫ ሆኗል። ድምፁ የሻከረ ነው።

«ለእናቴ ነው» አለኝ። «ፎቶዬን አይታ አታውቅም። ዛሬ ነው ከጭነት መኪና የወረድኩ፤ ይዤላት ልግባ ብዬ ነው።»

ሻሹን አስፈትቼ አነሣሁት። ኔጋቲቩ ምኑም አልታወቀኝም። መልሼ አነሣሁት፣ አጠብኩት፣ ባልዲው ውስጥ ጣልኩት። ሌላ ደንበኛ ሳነጋግር ቆይቼ ላወጣው ጎንበስ አልኩ።

ባልዲው ውስጥ ቢተው ተኝቷል።

ያ የሠራሁት ፊት። ዓይኑ፣ አገጩ፣ ገለል ያለው ጆሮው። መጀመሪያ የድሮውን ኔጋቲቭ ተሳስቼ ያነሣሁ መሰለኝ። ግን የባልዲው ሰው ጀለቢያ ለብሷል፤ ጉንጩም ገብቷል። ፎቶው ከእጄ አመለጠኝ። ቀና አልኩ። ሰውየው ቆሞ ያየኛል። ከስቷል እንጂ፣ ፀሐይ በልቶታል እንጂ፣ እሱ ነው። በሥጋው ቀለም አምልጦኝ የነበረው በወረቀቱ ጥቁርና ነጭ ታየኝ።

«ስምህ ማነው?» አልኩት።

«ቢተው።»

አማተብኩ። ባልዲውን ተደግፌ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሰውየው ደግሞ የታመምኩ መስሎት ሊያነሣኝ እጄን ሲይዘኝ ጮኽኩ። እጁ ግን ሞቃት ነበር።

ወደ ግድግዳው ጠቆምኩት። ሄዶ ያንን ፎቶ አየ። ራሱን ያያል ብዬ ስጠብቅ «ወንድሜን ፈንታን አንሥተኸዋል እንዴ?» አለኝ። ጠጋ አለ። «ዓይኑ ግን የእኅቴ የይመኙሻል ነው» አለ። ወደ ኋላ ሸሸ። ራሱን እንደሁ ከትንሽ መስተዋትና ከወንዝ ውኃ በቀር የት አይቶ ያውቃል? እርጥቡን ፎቶውን ከባልዲው አውጥቼ ከግድግዳው ጎን ያዝኩለት። አንዱን ያያል፣ ሌላውን ያያል።

«እኔ እዚህ ቤት ገብቼ አላውቅም። መቼ ነው ያነሣኸኝ?»

ምን ልበለው? «ሞተህ፣ ተለቅሶልህ፣ ሙት ዓመትህ ወጥቷል» እንዴት ይባላል? መርዶ እንኳ በሽማግሌ ነው፤ እንዲህ ያለውን አንድ ፎቶ አንሺ ብቻውን አይናገርም። «ቁጭ በል፣ እንዳትወጣ» አልኩትና አጎቱን ፍለጋ ወደ ገበያ ሮጥኩ።

አያ አየነውን በግ ተራ አገኘኋቸው። ከያዙት በግ ጋር እየጎተትኩ አመጣኋቸው። በሩ ላይ ሲደርሱና ሲያዩት ገመዱን ለቀቁት፤ በጉ ገበያ መሐል ገባ፣ ማንም አልተከተለው። አያ አየነው መጀመሪያ ያዩት ፊቱን አይደለም፤ መሬቱን ነው።

«ወደ ፀሐይ ውጣ» አሉት። ወጣ። ጥላው ወደቀ። በዱላቸው ጥላውን ነካ ነካ አደረጉና ጮኸው አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ።

ነገሩ ሲጣራ እንዲህ ነው። ሁመራ ላይ ቢተው በትኩሳት ራሱን ስቶ ወድቋል። በዚያው ቀን ሌላ የዳንግላ አገር ሰው ሞቶ ተቀበረ። አብሮት የወረደው ሰው ከሥራ ሲመለስ «የዳንግላው ሰው ሞተ፤ ተቀበረ» ቢሉት አልቅሶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ቢተውን ሱዳኖች ወስደው አስታመሙት። ሲድን እዚያው ሥራ ያዘ፤ ባዶ እጄን ከምገባ ብሎ ቆየ።

አሁን ጭንቁ እናቱ ሆኑ። አያ አየነው ራሳቸውን ያዙ።

«ሞቱን ማለዳ አረዳናት። ሕይወቱን ደግሞ እንዴት እናረዳታለን? ማለዳ ብንሄድ በጨለማ ያየችው ሙት ይመስላታል፤ ልቧ ይቆማል። ሙት በጠራራ ፀሐይ አይሄድም። አሁኑኑ እንሂድ» አሉ። ወደኔ ዞሩና «አንተም ና፤ ፊቱን የምታውቅ አንተ ነህ» አሉኝ።

ሄድን። አያ አየነው ከፊት «ሰው ነው! ሕያው ነው! አትፍሩ!» እያሉ ይጣራሉ። ያ ጩኸት ይባስ አስፈራ። አውድማ ላይ እህል የሚወቁ ሰዎች ቀና ብለው አዩት፤ አንዱ መንሹን ጥሎ ሮጠ፤ ሌላው ከጭዱ ክምር ኋላ ገባ። ቢተው «ምን አደረግሁ?» እያለ ይከተለናል። እየቆየ የሸሹት ከሩቅ እየተከተሉን፣ ስንደርስ ኋላችን ብዙ ሰው ሆነ።

እማማ ትርንጎ ጫጫታውን ሰምተው ደጅ ወጥተዋል። ይመኙሻል ከኋላቸው ናት። አያ አየነው ያዘጋጁትን ንግግር ሁሉ ረሱት። «ትርንጎ፣ እግዜር ሠርቶልሻል» ብቻ አሉ። ቢተው ወደ ፊት መጣ።

ይመኙሻል ጮኻ መሬት ላይ ወደቀች። እናቲቱ ግን አልጮኹም። አዩት። ዞረው ቤት ገቡ። ወዲያው ፎቶውን ይዘው ወጡ። ወረቀቱን ያያሉ፣ ሰውየውን ያያሉ። ከዚያ ከሁሉም አልፈው እኔን አዩኝ።

«ሌላም ሠራህብኝ?» አሉኝ።

«እማማ…»

«የወረቀቱ አልበቃህ ብሎ ደግሞ በሥጋ ሠራኸው? ጆሮውን አላይም ብለህ ነው? ያንተ ጆሮ ነው! እዩ፣ እዩት፣ የሱ ጆሮ ነው!»

ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ የኔን ጆሮ፣ አንድ ጊዜ የሱን ያያል። ያ በሙት ዓመቱ ከአጠገቤ የራቀው ሰው ዱላውን አጥብቆ ያዘ። «ነግሬያችሁ አልነበረም?» አለ። የከበበን ሰው ጠጋ ጠጋ አለ። ፈንታ ከእርሻ እየሮጠ ደርሶ የቆመው በኔና በወንድሙ መሐል ነው፤ ማንን ሊመታ እንደሆነ ግን እሱም የሚያውቅ አይመስልም። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ምን ብዬ ልከራከር? ፊቱን እፊታቸው ቆራርጬ የሠራሁት እኔ ነኝ። ባዩት ፈረዱ።

«እናቴ፣ እኔ እኮ ነኝ» አለ ቢተው።

እማማ ትርንጎ ወደ ኋላ ሸሹ። «ድምፁ የሱ አይደለም። ይኸ እኔን አያውቀኝም» አሉ። ፎቶውን ደረታቸው ላይ አቀፉት። «ልጄ ይኸው ነው። እሱን ወዲያ ውሰዱልኝ።»

ከሱዳን ድረስ የመጣ ልጅ ነው። እናቱ እፊቱ ወረቀት አቅፈው እሱን ውሰዱልኝ ይላሉ። ቢተው እጁን ዘርግቶ እንደ ቆመ ቀረ።

ያን ጊዜ ግራ ቅንድቡ ተነሣ።

ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ። እኔ ሥዬው፣ እኔ ፍቄው፣ ልክ የት ድረስ እንደሚነሣ ከእናቱ በቀር እንደኔ የሚያውቅ የለም። እንባ ገና የለም፤ ቅንድቡ ብቻ፣ አንደኛው ብቻ።

«እማማ፣ ቅንድቡን!» ብዬ ጮኽኩ። «አውርድ ብለውኝ አውርጄዋለሁ! እኔ አልሠራሁትም! ቅንድቡን ይዩ!»

እማማ ትርንጎ አዩ። ፎቶው ከእጃቸው ወደቀ። በአገውኛ አንዲት ነገር ተናገሩ፤ ይመኙሻል ኋላ ስትነግረኝ «ደረስኩ፣ አታልቅስ» ማለት ነው። ሮጡ። ያቺ አሮጊት እንዴት እንደ ሮጡ! ሰውየውን እንደ ሕፃን አንገቱን ይዘው ራሱን ደረታቸው ውስጥ ቀበሩት። ያን ጊዜ ነው ቢተው ያለቀሰ፤ ያን ጊዜ ነው ሁላችንም ያለቀስን። ዱላ የያዘው ሰውዬ ከሁላችን ይብስ ነበር።

ማምሻውን ልሄድ ስነሣ እማማ ትርንጎ ፎቶውን አቧራውን ጠርገው ሰጡኝ።

«ለቅሶ የወጣለት ነው፤ ከሕያው ልጄ ጋር አንድ ቤት አያድርም» አሉኝ። «አንተ ነህ የወለድኸው፤ አንተው አሳድገው።» ሳቁም፤ ስቀው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። በምትኩ ቢተው ይዞላቸው የመጣውን የጀለቢያውን ፎቶ ግድግዳቸው ላይ ሰቀሉ።

እማማ ትርንጎ ካረፉ ብዙ ጊዜ ሆነ። ቢተው ሚስት አገባ፣ ወለደ፣ አሁን ሽበት ወርሶታል፤ ሲመጣ «ወንድሜ እንዴት ነው?» እያለ ያሾፍብኛል። ወንድሜ የሚለው ያንን የሠራሁትን ፎቶ ነው፤ እኔ ዘንድ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ማቃጠል ፈራሁ፣ መጣልም አልሆነልኝ። ወጣት እንደሆነ አለ።

ያን ቀን ሳስብ ደስ ይለኛል፤ እናት ልጇን ስታገኝ ማየት ቀላል አይደለም። ድንጋጤው ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። አንዳንዴ ለእንግዳ ላሳይ ብዬ ሣጥኑን ስከፍት ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ግራ ቅንድቡ ነው። እስካሁን እንዳወረድኩት ነው። ተነሥቶ ባገኘው ግን የት እንደምገባ እንጃ።